ብርድ የሚችለው ዘንባባ

«ይኼስ ምን ይወጣለታል፣ እማማ? አገርዎ ካለው ጋር ቁርጥ አንድ ነው!» ምራትየዋ ተምሩ የተተከለበትን ባልዲ በእግሯ ወደ አማቷ ገፋ አደረገችው። አፏ ማር ነው፤ ሆዷ ሬት።

ችግኝ ሻጩ አላስችል አለው። «እሱ የቆላ ነው እኮ፣ እትዬ። የዚህን አገር ውርጭ አይችልም። ያኛውን፣ ግንዱ ጠጉራም የሆነውን ዘንባባ ብትወስዱ ይሻላል። በረዶ ቢያድርበትም ግድ የለውም።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለችው።

ውርጩን እሷም አላጣችውም። አማቷ ለአንድ ወር ተብለው መጥተው፣ ድስቶቿን ቦታ አዛውረው፣ መጋረጃዋን አውርደው፣ የሠራችው ምግብ ላይ ሳይቀምሱ ጨው እየነሰነሱ ከርመዋል። «ተምር በሌለበት ግቢ አላረጅም» ማለታቸው ብቻ ነበር ተስፋዋ። ባሏ ግን «እተክልልሻለሁ» ብሏቸው አረፈው። እምቢ ብትል ክፉዋ እሷ ልትሆን ነው። ስለዚህ ደግ ሆነች፦ ተምሩ ይተከል፣ ውርጩ ይግደለው፣ እሳቸውም ወደ ቆላቸው ይመለሱ። ቤቷን መልሳ ልታገኝ፣ ጥፋቱ ደግሞ የውርጩ ሊሆን።

አማቷ ጎንበስ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተምር ሲያሳድጉ የኖሩ ሴት ናቸው። እጃቸውን እሾሁ መሀል ሰደው፣ ገና ያልተፈታውን የመሀሉን ቅጠል ሳብ አደረጉት። ሹልክ ብሎ ወጣ። ሥሩ ጠቁሯል፤ ይሸታል።

«ልቡ ሞቷል። ያለፈው ውርጭ ጨርሶታል» አሉ። «ዳር ዳሩ ግን ለጊዜው አረንጓዴ ነው።» ሻጩ አቀረቀረ። እሳቸው ግን የሚያዩት ምራታቸውን ነበር። «አውቀሽ ነው።»

«ኧረ እኔ ምኑን አውቄ...»

«ታዲያ እሱ ውርጭ አይችልም ሲልሽ ለምን አፉን አስያዝሽው? እኔን ለማስወጣት ውርጭ መጠበቁ ምን አደከመሽ? አፍ የለሽም?»

የከረመው ሁሉ ገነፈለ። «አለኝ እንጂ! ይሂዱልኝ! የራስዎ ቤት እያለ የእኔን ለምን ያምሱብኛል? ቤትዎ ይግቡ!»

«የቱ ቤት?»

«አገርዎ ያለው ነዋ!»

«እሱማ ተሸጠ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አልነገረሽም? ልጄ ነው የሸጠው። ‹ሚስቴ እናትህን አምጣት እያለች ዕረፍት ነሳችኝ› ብሎ አስፈረመኝ። አለዚያ እኔ እዚህ ብርድ ውስጥ ምን ቆርጦኝ! እሱን ብዬ ነው እንጂ አንቺን ማን ይወዳል?»

ምራትየዋ ባሏ መኪና ውስጥ ወደሚጠብቃቸው፣ ወደ ችግኝ ጣቢያው በር ዞረች። ያ ሁሉ ወር የገዛ አልጋዋ ላይ፣ ከጎኗ ተኝቶ፣ «ትንሽ ታገሺ፣ ትሄዳለች» እያለ ጀርባዋን ሲያሻት ከርሟል።

«እኔን ለአንድ ወር ነው ብሎኛል» አለች። እንባዋ መጣ፤ እሳቸው ፊት እንዳይወርድ ግን ጥርሷን ነከሰች።

አማቷ በእጃቸው የቀረውን የበሰበሰ ቅጠል ጥለው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ያንን ጠጉራም አምጣው» አሉት ሻጩን። «መልኩ ያስጠላል። ብርዱን ከቻለ ግን እሱን ነው የምተክለው።» ወደ ምራታቸው ዞሩ። «አልወድሽም። ይታወቅ።»

«እኔም አልወድዎትም።»

«ደግ። በይ ያዢ በዚያ በኩል።»

ባልየው በሩ ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ ክርኑን በመስኮቱ አውጥቶ ሬዲዮ ያዳምጣል። ቀና ሲል አያቸው፦ ዘንባባውን መሀል አድርገው፣ ባልዲውን ግራና ቀኝ ይዘው፣ ሳይተያዩ ወደ እሱ ይመጣሉ። ሁለቱ አንድ ነገር አብረው ሲይዙ አይቶ አያውቅም። ፈገግ ሊል ጀመረ።

ቀረብ ሲሉ ፊታቸውን አየ። ክርኑን ሰበሰበና መስታወቱን መዝጋት ጀመረ።