የሽኝት ምርቃት

ጊዲዮንን የበረዶ ላይ ሆኪ ወደሚጫወትበት አዳሪ ትምህርት ቤት የሚወስደው ቫን ሲልቨር ስፕሪንግ ፓርኪንግ ውስጥ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። እናቱ "ልጄን ለበረዶ አልሸኝም" ብላ አሌክሳንድሪያ እቤቷ ቀርታለች። አባቱ ብቻውን ከሚነዳው ታክሲ ወርዶ ሁለት መዳፉን ዘረጋ፤ ልጅ ሳይመረቅ አይሸኝም።

"ከክፉ ይጠብቅህ" አለና አሜን እስኪባል ጠበቀ።

"ዳድ፣ ፕሊስ፣ ሰው እያየን ነው" አለ ልጁ በቫኑ መስኮት።

"ይዩና። ምን ሰረቅኩ? ሰው ያድርግህ።" ደግሞ ጠበቀ።

ቫኑን የሚነዳው የሆኪ አሠልጣኝ የተዘረጉትን እጆች ሲያይ ከልጁ ዕቃ አንዱን ለማስታወሻ የሚጠይቅ መሰለው። ከኋላ አንድ የሆኪ ዱላ መዝዞ መዳፎቹ ላይ አጋደመለት፤ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ቫኑ ውስጥ ገባ። ቫኑ ሄደ።

ምርቃቱ ግን አላለቀም ነበር። አባትየው ዱላውን እንደተሸከመ "በሰላም ያገናኘን" አለ፤ ጥቂት ጠበቀና አሜኑንም ራሱ አለው።