ሦስተኛው ፊርማ

የእድሩ ገንዘብ ከባንክ የሚወጣው ሦስት ሰዎች ሲፈርሙ ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ አቶ ባንቲደርና ጸሐፊዋ ወይዘሮ አስካለ ፈርመዋል። የቀረው ገንዘብ ያዡ ነው፤ እሱ ግን በቤቱ ደጃፍ ቆሞ ወረቀቱን አልቀበልም አለ።

«ልጅቷ እስከ ዓርብ ኦፕራሲዮን ካልተደረገች አትተርፍም ተብሏል» አሉት ሊቀመንበሩ። «አንድ ቀን እንኳ ዓይንህን ጨፍን!»

«የእድር ብር ለቀብር ነው። ደንቡን ያጸደቅነው አብረን ነው።»

ወይዘሮ አስካለ ቀረብ አሉ። አምና ባላቸው ኩላሊታቸውን ሲታመሙ እዚሁ ደጃፍ ላይ ተንበርክከው ለምነውት፣ ይህንኑ ነበር የመለሰላቸው። ባላቸው ሲሞቱ የቀብሩን ብር ዕለቱኑ አውጥቶ ሰጣቸው።

«በእኔ የተነሳ ከሆነ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት። «ፈርም፣ ወንድሜ።»

ገንዘብ ያዡ ወረቀቱን አየ። ዛሬ ከፈረመ፣ የእሳቸውን ባል የገደለው በሽታ ሳይሆን እሱ ነው ማለት ነው።

«አልችልም» ብሎ በሩን ዘጋ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም ባንክ ቤት ተገኙ። ገንዘብ ያዡ ማንም ሳይለምነው ፈረመ። ገንዘብ ከፋይዋ ከብዙ ቀብር ታውቃቸዋለች።

«ደግሞ ማን አረፈባችሁ?» ስትል ጠየቀች።

ሊቀመንበሩ አቀረቀሩ። ወይዘሮ አስካለ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ልጄ ናት» አላት ገንዘብ ያዡ፣ እስክሪብቶዋን እየመለሰላት።