የአዋላጆቹ ነጥብ

የመንግሥት ሠራተኞች የአገልግሎት ነጥብ በየቤታቸው በር ላይ መብራት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በአዋላጇ ጥሩዬ በር ላይ ስልሳ ሦስት፣ በጎረቤቷና በባልደረባዋ በየሺሀረግ በር ላይ ደግሞ ዘጠና ሰባት ይበራል። ነፍሰ ጡሮቹ የጥሩዬን በር አልፈው ወደ የሺሀረግ ሲሄዱ፣ ጥሩዬ በቅናት ስትብከነከን ከረመች። የገዛ እህቷ ምንትዋብ እንኳ የሺሀረግን ስትመርጥ እህል አልዋጥላት አለ።

ምንትዋብ ምጥ በያዛት ቀን ረፋድ ላይ፣ ባሏ ደግፎ ወደ ጥሩዬ አመጣት።

"የሺሀረግስ?" አለች ጥሩዬ።

"ልጁ በእግሩ ነው የሚመጣው። ሞት ካጋጠመኝ ነጥቤ ይወርዳል ብላ መለሰችን" አለ ባልየው።

ጥሩዬ እንዲህ ያለውን ምጥ መልሳ አታውቅም፤ ነጥቧን የበላውም ይኸው ነበር። ከሁለት ሰዓት ትግል በኋላ ልጁ አለቀሰ።

እጇን ታጥባ ስትወጣ የሺሀረግን ደጅ ላይ ቆማ አገኘቻት።

"ተረፉ?" አለች የሺሀረግ። "ለቅሶውን ስሰማ ቀናሁብሽ። እኔም ድሮ እንዳንቺ ነበርኩ።"

ጥሩዬ ሁለት ዓመት ያጠራቀመችው ስድብ አፏ ላይ ደረቀ።

"ተርፈዋል። ግቢና ልጁን እቀፊው" አለቻት።

የሺሀረግ ግን የምንትዋብን ፊት ለማየት አልደፈረችም። አቀርቅራ ወደ ቤቷ ተመለሰች።