በነጩ ቦታ ሦስት ኤሊ

ጀልባው ላይ ስወጣ አጎቴ ኤሊዋን ከመረቡ ለማላቀቅ ይታገል ነበር። አንገቷ ላይ የተጠመጠመውን ክር በቢላዋ ጫፍ አንድ በአንድ ይቆርጣል። ሌሎች ሁለት ኤሊዎች ከእግሩ አጠገብ ተጋድመዋል። ሦስቱም ሞተዋል።

«መጣሽ?» አለኝ ቀና ሳይል። «ቀስ በይ፣ እንዳያዳልጥሽ።»

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ ተዘግቷል እኮ! ገና በማግስቱ ካርታው ላይ ቀይ የተቀባው ቦታ መረብ ትጥላለህ?»

«ምን በወጣኝ! ካርታሽን ትናንት የዓሣ አጥማጆች ማኅበሩ በር ላይ ለጥፈሽ የለ? ክልክል ነው አልሽ፣ ክልክል ነው። እኔ የጣልኩት ነጩ ላይ ነው።»

ካርታው የእኔ ሥራ ነው። ኤሊዎች በስህተት መረብ ውስጥ ገብተው እንዳያልቁ፣ የት የት እንደሚበዙ እንዲገምት ሁለት ዓመት ኮምፒውተሬን ሳስተምር ከርሜያለሁ። የውሃውን ሙቀትና ጥልቀት ከሳተላይት ወሰድኩ። ስንት ኤሊ የት እንደተያዘ ደግሞ ዓሣ አጥማጆቹ ራሳቸው ከሚሞሉት ቅጽ ለቀምኩ። ኤሊ የሚበዛበት ቀይ፣ የሌለበት ነጭ ሆኖ ወጣ። ቀዩ ለስድስት ወር ተዘጋ። ቀዩ ደግሞ ልክ አጎቴ ሠላሳ ዓመት ያጠመደበት፣ እኔንም ያሳደገበት ቦታ ነበር። ሳየው ከፋኝ፤ ቁጥር ነው፣ ምን ላድርግ ብዬ ዋጥ አደረግሁት። እሱም ስነግረው «ካልሽ እንግዲህ» ብቻ ነበር ያለኝ።

«ነጩ ላይ ኤሊ የለም» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴንም አሳፈረኝ።

አጎቴ በቢላዋው ወደ እግሩ ጠቆመ። «ለእነሱ ንገሪያቸዋ።»

«እዚያ የሚያጠምዱት በሙሉ እኮ ዜሮ ነው የጻፉት። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ዜሮ!»

«ታዲያ ምን ይጻፉ? ኤሊ ያዝኩ ያለ ሰው ቦታው እንደሚዘጋበት ማን አጣው?»

«አንተስ? አንተ ለምን ጻፍክ?»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «ቅጹን ያመጣሽው አንቺ ነሻ» አለኝ።

ኮምፒውተሬ ቀይ የቀባው ኤሊ ያለበትን ሳይሆን እውነት የተጻፈበትን ቦታ ነው። እውነቱን የጻፈልኝ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አለማወቄ አይደለም የሚያንገበግበኝ። አለቃዬ «ይሄ ዜሮ አልበዛም?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። የሥራው ማስረከቢያ ቀን ደርሶ ስለነበር «ባሕራቸውን ያውቁታል» ብዬ አለፍኩት። እኔ እኮ እዚሁ ወደብ ላይ ነው ያደግሁት። ዓሣ የት እንዳገኙ ሲጠየቁ ሽምጥጥ አድርገው ሲክዱ እየሰማሁ፣ አብሬያቸው እየሳቅሁ።

«ባለ ካርታዋ!» አለ ከጎናችን የታሰረው ጀልባ ላይ ያለው ጎረቤቱ። «ዛሬ ደግሞ የማንን ባሕር ልትቀቢ መጣሽ?»

«የአንተን ነዋ!» አለ አጎቴ፣ ሁለቱም ሳቁ። ሰውየው መረቡን ተሸክሞ ሲወርድ የአጎቴ ሳቅ ቆመ። «ትናንት ነጩ ላይ ‹ከጎኔ ጣል› ብሎ ቦታ ያካፈለኝ እሱ ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሳልጠይቀው።»

ባዶ ቅጽ ከቦርሳዬ አወጣሁ። «ጋሼ፣ ያየኸውን ሙላልኝ። ሦስት ኤሊ፣ ነጩ ላይ። ይሄ አንድ ቅጽ ካለኝ ካርታው ተሳስቷል ብዬ አስነሳዋለሁ። ቦታህም ይከፈትልሃል።»

«የእሱስ?»

ቅጹን ወደ እሱ ገፋ አደረግሁት።

«የእሱ ይዘጋል ወይ ነው የምልሽ።»

«ሊዘጋ ይችላል። ቆይ፣ እኔ በዓይኔ አየሁ ብዬ ብጽፍስ?»

«ከማን ጀልባ ላይ አየሽ አይሉሽም?»

ቢላዋውን አጠፈና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። መልሶ አየው። «እጄ እርጥብ ነው» አለ። «አንቺ ጻፊው።»

ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበር። እሱ እያላቀቀ ይቆጥራል፣ እኔ ጉልበቴ ላይ ደብተር ዘርግቼ እጽፋለሁ። አንዴ ስምንቱን ዓሣ ዘጠኝ ብዬ ስጽፍ ገጹን አስቀድዶ እንደገና አስጽፎኛል። አሁንም ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። ቀኑን ጻፍኩ። ቦታውን ጻፍኩ። የዓሣውን ኪሎ ነገረኝ፣ ጻፍኩ።

«ኤሊ?» አልኩ።

ወደ ጎረቤቱ ጀልባ አየ፣ ከዚያ ወደ ውሃው። ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም።

«ዜሮ በይ።»

አልጽፍም ማለት እችል ነበር። ቅጹን ቀድጄ መጣልም እችል ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ከእሱ እጅ አንድም የውሸት ወረቀት አልደረሰኝም፤ የመጀመሪያውን በራሴ እጅ ጻፍኩለት።

ቀና ስል ሸራውን በኤሊዎቹ ላይ ስቦ ነበር። የአንዷ እጅ ከሸራው ወጥቶ ቀርቷል። አጎቴ ጎንበስ ብሎ ቀስ አድርጎ አስገባላት።