ያለ እርድማ አይሆንም

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚሉት አፋቸው የሚታዘዝላቸው ሰዎች ናቸው። ጡረተኛው ሾፌር ግን ከታመመ ወዲህ ቀኝ ጎኑም ምላሱም አልታዘዝ ብለውታል። የቀረችው «ኧ!» የምትል አንዲት ድምፅ ናት። ሲርበው «ኧ!»፣ ሲከፋው «ኧ!»፣ ሲስቅም ያቺው «ኧ!» ናት። የትኛዋ የቱ እንደሆነች የሚለይ ሰው ቤቱ ውስጥ የለም።

ከዶሮዋ በቀር። በልቡ «ረዳት» የሚል ስም አውጥቶላታል። ጠዋት ጠዋት አልጋው ላይ ዘላ ትወጣና፣ አውቶቡስ በር ላይ ተንጠልጥሎ ተሳፋሪ እንደሚጠራ ረዳት ትንጫጫለች። እሷ ባትኖር ጣራ ሲቆጥር በዋለ ነበር። ይወዳታል፤ ይህን ግን ለማን፣ በምን አፉ ይንገር?

ዛሬ ጠዋት ትራሱ ላይ ወጥታ ጢሙን ስትነካካው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ኧ! ኧ! ኧ!»

ሴት ልጁ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። «ምን ሆንክ አባዬ? አንቺ ደግሞ! እሽ!» ብላ ዶሮዋን አባረረች። ጥቂት ቆይታም ትልቁን ባለ ክዳን ቅርጫት አንጠልጥላ፣ በአንድ እጇ ክዳኑን ተጭና ገበያ ወጣች። ስትመለስ ቅርጫቱ ከብዷት ጎብጣ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ቢላ ሲሳል ሰማ። ጓዳውን ከአልጋው የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው።

«እርዱ አሁን ይሁን?» አለ አማቹ።

«ቆይ እንጂ! መጀመሪያ ሽንኩርቱ ይቁላላ።»

«ብንተወውስ?»

«ያለ እርድማ አይሆንም! ምን ሊጥም?» አለች ልጁ።

የሾፌሩ ልብ ስንጥቅ አለች። የሥጋ ቤት ደጃፍ ከረገጡ ወራት አልፈዋል፤ ኑሮው እንደሆነ እሳት ነው። እንቁላል መጣል ያቆመች ዶሮ ደግሞ በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን ዋስትና አላት? ጆሮውን አቅንቶ አዳመጠ። የረዳት ድምፅ የለም። በቃ፣ ይዘዋታል!

«ኧ!» አለ።

«መጣሁ አባዬ! ራበህ አይደል? አሁን ይደርሳል!» አለች ልጁ። ከዚያ ለባሏ፦ «አንተ፣ ሸሚዝህን አውልቅ። የእርድ ነገር ልብስ ከነካ አይለቅም።»

«ኧ! ኧ!» በግራ እጁ አልጋውን ደበደበ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን የሚያህል አውቶቡስ ቁልቁለት ላይ በፍሬን ሲያቆም የኖረ ሰው፣ ዛሬ አንድ ቢላ ማስቆም አቃተው። እንባው ወደ ጆሮው ወረደ።

መጋረጃው ተገለጠ። አማቹ ሳህን ይዞ ገባ። ሩዝ ነው፤ ከላዩ ድንች፣ ካሮት፣ አበባ ጎመንና ሽምብራ፣ ሁሉም በወፍራም ቢጫ መረቅ ርሷል። ሥጋ የሚባል ነገር ዘሩም የለበት።

«የአትክልት ካሪ ነው አባባ» አለ አማቹ ቢጫ የሆኑ ጣቶቹን እያሳየ። «ይቺ እርድ የምትባል ቅመም እኮ ጉድ ሠራችኝ!»

ቅመም! ለካ ቅመሙን ነው! ዕድሜውን ሙሉ ምግብ ቤት ሲበላ የኖረ ሾፌር የጓዳ ቋንቋ ከየት ይወቅ? በራሱ ሳቀ። «ኧ! ኧ!» እያለ እስኪደክመው ሳቀ። ልጁ በማንኪያ ታጎርሰው ጀመር፤ ጣፈጠው። ከሳህኑ ጠርዝ ጥቂት የሩዝ ፍሬ ለቅሞም ለረዳት ብሎ በግራ መዳፉ ደበቀላት።

«ብላ አባዬ፣ ገና ብዙ አለ» አለች ልጁ አገጩን እየጠረገችለት። «አትክልት ሻጯ ለነገ ድግሷ ዶሮ ስትፈልግ ኖሮ፣ በዚያች በጥባጭ ምትክ ቅርጫቱን ሙሉ አትክልት ሰጠችኝ። ከእንግዲህ አልጋህ ላይ ወጥታ አታስጮህህም።»