ባዶ የተባለችው ሁለት ደቂቃ

"ኧረ ዝጉልኝ ይሄን ጩኸት!"

ሽማግሌው ዳኛ ጠረጴዛውን በእርሳሳቸው ደበደቡት...

የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ላይ ነው።

ዳኞቹ ሦስት ናቸው። አርባ ዓመት ቫዮሊን ያስተማሩት ሽማግሌና ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው። ሽማግሌውን ትምህርት ቤቱ በሙሉ "ጋሼ" ነው የሚላቸው።

የተፈታኞቹ የተቀዳ ሥራ የሚቀርበው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ዳኞቹ "ይለፍ" ወይም "ይውደቅ" ብለው ጽፈው ወረቀቱን አጥፈው ሣጥን ውስጥ ይከታሉ። ከሦስቱ ሁለቱ "ይለፍ" ካሉ አለፈ።

ማን ምን እንደጻፈ አይነገርም። አድልዎ እንዳይኖር ብለው ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ጋሼ ናቸው።

አሁን የተከፈተው ቁጥር አስራ አንድ ነው። ከዳር እስከ ዳር በኮምፒውተር የተሠራ ሙዚቃ...

"ጋሼ፣ ገና ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል" አለ አንደኛው ዳኛ።

"ቢቀረውስ? ጣት የለው፣ ትንፋሽ የለው... ይሄ ጥበብ ነው? ቁልፍ የተጫነ ሁሉ አቀናባሪ ከሆነማ ሊፍት ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ይሸለም!"

ሁለቱ ዳኞች ሳቁ። ጋሼ ቀልደው አይሳቅም እንዴ?

ግን ደንብ ነውና እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

ሲያልቅ ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ጭራሽ የመጨረሻውን ሁለት ደቂቃ ባዶ ትቶታል! ምንም የለበትም። ስንፍና ነው።"

ሁለቱ ዳኞች ተያዩ...

ወረቀታቸውን አጥፈው ሣጥኑ ውስጥ ከተቱ።

ወረቀቶቹ ተቆጠሩ። ቁጥር አስራ አንድ ወደቀ።

ስሙ ሲገለጥ... የጋሼ ልጅ ናት።

ለሳቸውም ሳትነግር ነው የተፈተነችው። የዕድሜ ገደቡ ሊያልፋት አንድ ወር ቀርቷት ነበር። ሌላ ዕድል የላትም።

ጋሼ ቤት ገብተው እንዲህ አሏት። "ልጄ ብትሆኚም ባዶውን ሙሉ ነው አልልም።"

"የቱን ባዶ አባዬ?"

"የመጨረሻውን ነዋ።"

ልጅቷ ግራ ገባት። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። የመጨረሻውን ሁለት ደቂቃ ከፈተችው።

ጋሼ ጠበቁ... ጠበቁ...

"በይ ክፈቺዋ።"

"አባዬ... ተከፍቷል እኮ።"

እሳቸው ያልሰሙት ቀጭን ድምፅ የራሳቸው ቫዮሊን ነበር። ከድሮ ካሴታቸው ላይ የላይኛዋን ክር ድምፅ ብቻ ወስዳ፣ ሰባት ወር ሙሉ በኮምፒውተር ስታሳሳው፣ ስትዘረጋው፣ ስትደራርበው ኖራለች...

የሄዱበት የጆሮ ሐኪም ቁርጡን ነገራቸው። ቀጫጭን ድምፅ መስማት ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። ቀስ በቀስ ስለጠፋ አላወቁም።

ጋሼ በነጋታው ትምህርት ቤት ሄደው ለመኑ። "የተሰጠ ውጤት አይነሳም" ተባሉ። እሱንም ደንብ ያወጡት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ሁለቱን ዳኞች ጠርተው ቤት የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው።

"እናንተ ሰምታችሁት ነበር?"

"ሰምተናል ጋሼ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አላችሁኝ?"

አንደኛው ዳኛ ወለል ወለሉን እያየ መለሰ። "እርስዎን ማሳፈር ከብዶን ነው..."

"እኔን ከማሳፈር ልጄን መጣል ቀለላችሁ?"

ይሄ ከሆነ አራት ዓመቱ ነው።

ልጅቷ ዛሬ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ትቆጥራለች። ስለ ሙዚቃ ሲጠይቋት "ተውኩት" ብላ ወሬ ትቀይራለች።

ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። ከሰዓት ከሰዓት ማዳመጫ አድርገው ያቺን ሁለት ደቂቃ ይከፍታሉ። ምንም አይሰሙም። ግን ይከፍቱታል...

አንተ ይሄን ሁሉ እንዴት አወቅህ ትሉኝ ይሆናል።

ወለል ወለሉን ያየው ዳኛ እኔ ነኝ።

ያን ቀን ያ ድምፅ ሲመጣ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። በኮምፒውተር መሠራቱን ረሳሁት። በዚያ ክፍል ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነበር። ወረቀቴ ላይም "ይለፍ" ብዬ ጽፌ ነበር...

ጋሼ "ባዶ ነው" ሲሉ ሰረዝኩት።

ሌላኛው ዳኛ "ይለፍ" ብሎ እንደነበር ቆይቶ ነገረኝ። የጣላት የኔ ወረቀት ናት።

ለጋሼ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ትምህርቱ፦ ለምታከብሩት ሰው ብላችሁ የሰማችሁትን አልሰማሁም አትበሉ። ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

እናንተስ? በኮምፒውተር የተሠራ ሙዚቃ ትልቅ ጥበብ ነው ወይስ አይደለም? ደግሞስ... በኔ ቦታ ብትሆኑ ያን ቃል ትሰርዙት ነበር? ሳትዋሹ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።