ሰው የማያስገባው አውራ ዶሮ

አውራ ዶሮው ዛሬ ደግሞ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበውን ሰውዬ ባቱን ቧጥጦ አደማው። ሴትየዋ ቆረጠች፤ ይታረዳል። ለሰው እንዲህ ጀግና የሆነ ዶሮ፣ ሸለመጥማጥ ቄቦቿን አንድ በአንድ ሲለቅምባት ድምፁን እንኳ አሰምቶ አያውቅም።

ሴት አታርድም። ባሏ ካረፈ ወዲህ ቢላ የሚይዙላት ጎረቤቷ ጋሽ ደምለው ናቸው፤ የሸለመጥማጥ ሥራ መሆኑንም የነገሯት እሳቸው ናቸው። ቢላቸውን ስለው መጡና በሩ ላይ ቆሙ።

«አንቺው ይዘሽ አውጪልኝ፤ እኔ እዚሁ ልጠብቅ።»

«ማን ደፍሮ ይይዘዋል፣ ጋሼ! ይግቡ፤ ብቻ ዓይንዎን ይጠብቁ» አለችና ዱላዋን አንስታ በሩን ከፈተችላቸው።

ዶሮው ክንፉን መሬት ለመሬት እየጎተተ ተንደረደረ። ሴትየዋ ዓይኗን ጨፈነች። ጩኸት ብትጠብቅ ምንም አልተሰማም።

ዓይኗን ስትገልጥ ዶሮው ከጋሽ ደምለው እግር ሥር ቆሞ ወደ ኮታቸው ኪስ አንጋጧል። የተረፉት ሁለት ቄቦችም ከየጥጋቸው ሮጠው መጥተው ከበቧቸው።

«እሽ! ሂድ ወዲያ!» በእግራቸው ገፈተሩት። ዶሮው ተመልሶ ዘለለና ኪሳቸውን ቢጎትተው የበቆሎ ፍሬ ዱብ ዱብ አለ።

ሴትየዋ እጇን ዘረጋች።

«ቢላውን ወዲህ በል» አለች።